የትንፋሽ ግድግዳ ለኪው

ዶክተር ኅሩይ ማረፋቸውን የሰማሁት ጠመኔ ይዤ ክፍል ልገባ ስል ነው። የደወለው ታናሽ ወንድማቸው ነበር፣ ከአዲስ አበባ። «ወረታ በነበረ ጊዜ ጎረቤቱ የነበርሽው መምህርት አንቺ ነሽ አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ደረቱ ነው። ከልጅነቱ የያዘው ነው፤ ዘንድሮ አሸነፈው» አለ። ሞት ሲነግሩኝ ምን እንደሚባል ዛሬም አላወቅሁበትም።

ተማሪዎቼን የጣናን ካርታ ሳሉ አልኳቸውና መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ክረምቱ ገብቶ የፎገራ ሜዳ ውሃ መያዝ ጀምሯል። ከሩቅ ሲታይ ሜዳው የት አልቆ ሐይቁ የት እንደሚጀምር አይለይም። ዶክተር ኅሩይ ይህን አለመለየቱን ነበር የሚወዱት። ወሬውን ለያኔዋ አከራያችን ለእትዬ ጥሩ ማድረስ የኔ ዕዳ ነው፤ ግን መርዶ በማለዳ እንጂ በቀትር አይነገርም። ስለዚህ ያን ቀን ነገሩን በሆዴ ይዤ፣ እሳቸውን ሳስብ ዋልኩ።

ወረታ የመጡት ሩዝ ከተማዋን እያሳበጣት በነበረበት ዘመን ነው። ባጃጅ ገና ብርቅ ነበር፤ የሩዝ መፈልፈያው ግን በየመንገዱ ዳር ይጮኻል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች አንድ ለአምስት ተደራጅተን፣ ግምገማ ተቀምጠን፣ ሂሳችንን ውጠን ወደየቤታችን እንበተን ነበር። እኔ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የተከራየሁት እትዬ ጥሩ ግቢ ነው። እትዬ ጥሩ ባሏ የሞተባት፣ ደርባባ፣ ምላሷ የተሳለ ሴት ናት። ቀን ቀን መፈልፈያ ቤት ሩዝ ታበጥራለች። እትዬ እላታለሁ እንጂ አንቱታውን ራሷ ከልክላኛለች፤ «አንቱ ስትይኝ መቃብሬ የተማሰ ይመስለኛል» ብላ።

ዶክተሩ አንድ ከሰዓት በኋላ ከጭነት መኪና ጋቢና ወርደው ግቢያችን ገቡ። ቀጭን ናቸው፣ ጸጉራቸው ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ኮምፒውተራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። ከጎኔ ያለውን ክፍል ተከራዩ። እትዬ ጥሩ ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት ምን በሽታ እንደሚያድኑ ጠየቀች።

«እኔ ራጅና ምስል የማነብ ሐኪም ነኝ እትዬ። እዚህ የመጣሁት ለጥናት ነው። የትንፋሽ መንገድ ግድግዳ እለካለሁ።»

«ኧረግ! ትንፋሽም ግድግዳ አለው?»

«ባይኖረው በየት በኩል ይገባል?»

ይህች ወሬ በማግስቱ ገበያ ደረሰች። ችግሩ፣ በዚያ ዘመን ወረታ ውስጥ ለኪ ማለት መሬት ለኪ ነው። ገመድ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይፈራል፤ ይሸነገላልም። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከቆላው ቀበሌ አውራ ዶሮ አንጠልጥለው መጡና «ጌታዬ፣ የኔዋ ቁራሽ ጠበብ ብላለችና እጅዎን ዘርጋ ያድርጉልኝ» አሏቸው። ዶክተር ኅሩይ ዶሮውን አልቀበልም ብለው ሰውየውን አስቀመጡና ደረታቸውን እየነኩ፣ በጣታቸው መሬት ላይ ቀለበት እየሣሉ ሥራቸውን አስረዱ። ሽማግሌው በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «እንግዲህ የሰውም ሆድ ሊሸነሸን ነዋ!» ብለው ዶሯቸውን ይዘው ሄዱ። ዶክተሩ ይህን ነገር ባስታወሱ ቁጥር እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር። ሲስቁ ደግሞ ያስላቸዋል። ከሳቁ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ጥናታቸው በሩዝ አበጣሪዎች ላይ ነበር። እብቁ ሲበተን የሚቦነው ብናኝ ሴቶቹ ደረት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሊያዩ ነው። ያኔ ሲቲ ስካን ባሕር ዳር ከገባ ብዙ አልቆየም። ሴቶቹ ተራ በተራ በሚኒባስ ሄደው ማሽኑ ውስጥ ይተኛሉ፣ ምስሉ በሲዲ ይመጣል፣ እሳቸው መብራት በመጣ ሰዓት ሁሉ ኮምፒውተራቸው ላይ ይደፋሉ። መብራት ሲጠፋ ወንበራቸውን ደጅ አውጥተው ከኔ ጋር ይጫወታሉ።

ምስሉን አንድ ቀን አሳዩኝ። ማሽኑ የሰውን ደረት በስሱ እየቆረጠ ያሳያል። ጥቁር ሜዳ ነው፤ በጥቁሩ ውስጥ ደቃቅ ነጫጭ ቀለበቶች ተበትነዋል። «ጥቁሩ አየር ነው። ይህች ነጭ ቀለበት አንዲት የትንፋሽ ቧንቧ ናት። ነጩ ግድግዳዋ ነው። ሰው ጤነኛ ሲሆን ግድግዳው ቀጭን ነው። ሲታመም፣ ሲያብጥ፣ ጠባሳ ይዞ ሲጠግግ እየወፈረ መተንፈሻውን ያጠበዋል።»

«ታዲያ መለካት ነው፣ ምን ችግር አለው?» አልኳቸው። የተማረ ሰው ድፍረት ነው።

ፈገግ አሉና አንድ ነገር ጫኑ። ምስሉ ደመቀ፤ ቀለበቷም ወፈረች። መልሰው አደበዘዙት፤ ቀጠነች። «የቷ ናት እውነተኛዋ?» አሉኝ። ወደ ጠርዟ አስጠጉኝ። ነጩ በቀጥታ ጥቁር አይሆንም፤ በመካከሉ ግራጫ አለ፣ ግራጫውም መጀመሪያና መጨረሻው አይታወቅም። «ምስል ቀጭን ነገርን ሁልጊዜ ከራሱ ያወፍረዋል። ግድግዳው በቀጠነ ቁጥር ውሸቱ ይብሳል። የኔ ሥራ ያቺን ውሸት ቀንሶ እውነቱን ማስቀረት ነው። ዓይን ቸኳይ ነው፣ ጠርዝ ግን ዘገምተኛ ነው።»

መስኮታቸው ላይ ከጣና ዳር ያስቆረጧቸው የሸምበቆ ቁራጮች ተደርድረው ነበር። የከተማው ሰው ዋሽንት ሠሪ ናቸው ይል ነበር። ለካ ውፍረታቸውን አስቀድመው በብረት መለኪያ እየለኩ ማሽኑ ውስጥ ያስነሷቸዋል፤ በምስሉ የሚያገኙት ከእውነተኛው ምን ያህል እንደሚርቅ ለማወቅ። አንዱ ሸምበቆ ቀጥ ብሎ፣ አንዱ በሰያፍ ተቆርጧል። በሰያፍ የተቆረጠው ግድግዳው ወፍራም ይመስላል፤ ግን ያው ሸምበቆ ነው። «አየሽ፣ ቧንቧውን በየት በኩል እንደቆረጥሽውም ማወቅ አለብሽ» አሉኝ።

ለማነጻጸሪያ የሚያስቀምጧቸው ሁለት ምስሎች ነበሩ። አንዱ የደህና ሰው ነው። ሁለተኛው ላይ ቀለበቶቹ ሁሉ ወፍረው ቀዳዳቸው ነጥብ አክሏል። የማን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። «የአንድ የማውቀው ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ያስለዋል» አሉና ምስሉን ዘጉት። የወንድማቸውን ስልክ ስዘጋ ነው የገባኝ። የራሳቸው ነበር።

ከቀትር በኋላ ከከተማ ወጣ ብለን እንሄድ ነበር፣ ወደ ሜዳው። በክረምት ፎገራ ላይ ውሃው እያዘገመ ይመጣል። ዛሬ ሣር የነበረው ነገ ሣር ያለበት ውሃ ነው፤ ከነገ ወዲያ ከብቶቹ እስከ ጉልበታቸው ቆመውበት ይግጣሉ፤ ደመናው ከሥራቸው ተዘርግቶ ሰማይ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ዶክተሩ እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቀንሳል። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን አቀራርበው አየሩን ይቆነጥጣሉ። ልማዳቸው ነው፤ ሊለኩ ሲያስቡ እንዲያ ያደርጋሉ።

«አንቺ የጂኦግራፊ ሰው፣ የሐይቁ ዳር የቱ ጋ ነው?»

«ካርታው ላይ አለ» አልኳቸው።

«ካርታው ላይማ መስመር ነው። እዚህ አሳይኝ።»

ወደፊት ሄድኩ፤ ጫማዬ ረጠበ። ወደኋላ ተመለስኩ፤ ያኛውም ረጥቧል። ከኋላዬ ሲስቁ ሰማኋቸው። ያን ሜዳ እንደዚያ ቀን አይቼው አላውቅም። የማይጨበጥ ብርሃን ነበረው፣ ልቤም ያለምክንያት ተረጋግቶ ነበር።

አሁን የእትዬ ጥሩን ነገር ልናገር።

እትዬ ጥሩም ታስል ነበር። የምታበጥርበት መፈልፈያ ባለቤት ፈንታሁን ይባላል። ሚስቱ ሞታበት ልጆቹን ድሮ አሳድጎ የዳረ፣ ከተማው በሙሉ አንተ የሚለው ሰው ነው። ይህ ፈንታሁን ሳሏን ሲሰማ ሞተሩን ያጠፋ ነበር። አንድ መፈልፈያ ከነወረፋው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እሷ ስላ እስክትጨርስ። ከዚህ በላይ የፍቅር ደብዳቤ አላውቅም። ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ እሷም እሺ ልትል ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ነኝ ምስክሩ፣ ቀሚስ ስታስለካ አብሬያት ነበርኩ።

ተራዋ ደርሶ ባሕር ዳር ሄደች፣ ተነሣች፣ ምስሉ መጣ። ዶክተር ኅሩይ ለኩት። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ዓይኗን አላዩም። በሦስተኛው ቀን እሷው ራሷ በራቸውን አንኳኳች።

«ግድግዳዬ እንዴት ሆነ?»

ሰውየው መዋሸት አይችሉም ነበር። «ወፍሯል እትዬ ጥሩ። ካሰብኩት በላይ።»

«ይመለሳል?»

«የጠገገው አይመለስም። እንዳይብስ ግን…»

የቀረውን አልሰማችም። በዚያ ሳምንት የፈንታሁንን ሽማግሌዎች ይቅርታ ጠይቃ መለሰቻቸው። «የማልሰነብት ሴት ይዞ ምን ሊያደርግ ነው፤ አንዴ ቀብሯል፣ ይበቃዋል» አለች። ቀሚሱን ለእኔ ሰጠችኝ። ፍልሰታ ሲፈታ ቆብ ልትጭን፣ መንኩሳ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች ወደ አንዱ ልትገባ ወሰነች። በኛ አገር ቆብ እንደ ነጠላ አውልቀው የሚሰቅሉት ነገር አይደለም፤ አንዴ ከጫኑት ጫኑት ነው። ፈንታሁን መፈልፈያውን ዘግቶ ሁለት ቀን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ታየ። ዶክተሩም ወደ ሜዳው መሄድ ተዉ።

የሐምሌ ማርያም ዕለት እትዬ ጥሩ ዝክር ደገሰች። የስንብት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። የነፍስ አባቷ ባርከው ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። እሷ ሰው ማጫወት ትወዳለችና ሐዘኑን ለመስበር የማሽኑን ታሪክ አወጣች።

«አስተኝተው እንደ መሶብ ቀዳዳ ባለ ነገር ውስጥ አስገቡኝ እላችኋለሁ! ልጁ ተመስተዋቱ ኋላ ሁኖ ትንፋሽ ይያዙ፣ አይተንፍሱ ይለኛል። እኔ እንደሁ ገና ስገባ ጸሎቴን ጀምሬያለሁ። ለማሽን ብዬ እመቤቴን ላቋርጣት? ኧረ ወግድ! እሱ ያዙ ይላል፣ እኔ በለሆሳስ ቀጠልኩ። እስቲወጣኝ ጸለይኩላችሁ!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ካህኑም ሳቁ። ከኔ ጎን የተቀመጡት ዶክተር ኅሩይ ግን ቁራሽ ዳቦ እጃቸው ላይ እንዳለ ቀሩ። ከዚያ ብድግ ብለው ወጡ። የበራቸው ድምፅ ተሰማ። ደግነቱ መብራት ነበር።

ሲመለሱ ሳቁ አላበቃም ነበር። መሐል ቤት ቆሙ። «እትዬ ጥሩ፣ ተሳስቻለሁ» አሉ።

በዚያ ዘመን ተሳስቻለሁ የሚባለው ግምገማ ላይ ነው፣ ያውም አለቃ ካስጨነቀ። ሰው ከነዳቦው ቆሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው ሲለው ሰምተን አናውቅም።

«ሰው ሲተነፍስ ደረቱ ይንቀሳቀሳል። የተንቀሳቀሰ ቀለበት ተደራርቦ ይታተማል፤ ቀጭኑ ወፍራም ይመስላል። አሁን ሄጄ የጎድን አጥንትዎን አየሁት፣ ጠርዙ ሁለት ሁለት ነው። ይህን ያኔ ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። ስለካ የማየው ግድግዳውን ብቻ ነበር።»

የተደሰተ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። እትዬ ጥሩ ግን ፊቷ ነደደ።

«እግዜር በአንቱ አፍ ጠራኝ ብዬ ተሰነባብቻለሁ። አሁን ደግሞ ያበላሸው ጸሎትሽ ነው ይሉኛል?»

«ጸሎትዎ አይደለም፣ ትንፋሽዎ ነው። የቸኮልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ደህና ነኝ ማለት ነዋ!»

ዶክተሩ አንገታቸውን ነቀነቁ። እዚያ ላይ ነው እጅግ የወደድኳቸው። አንድ ቀላል አዎ ቢሉ ሁላችንም እልል ልንል ተዘጋጅተን ነበር። «ደህና ነዎት አላልኩም። አላውቅም ነው ያልኩት። እንደገና መነሣት አለብን፣ ትንፋሽ ይዘው።»

«አልሄድም። ጸሎቴን አቋርጬ ተማውቀው ሳላቋርጥ ብሞት ይሻለኛል።»

ሁሉም ወደ ካህኑ ዞረ። ሽማግሌው ጠላቸውን አስቀምጠው ጺማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ጆሮው አይደክምም። በልብሽ ያልሽውንም ይሰማል። ቆቡን እኔ ነኝ የምጭንልሽ፤ እኔም ሳላውቅ አልጭንም። ሄደሽ ነይ» አሏት። ተበሳጭታ ሳህን ማንሣት ጀመረች፤ እሺ ማለቷ ነበር።

ችግሩ፣ ትንፋሽ መያዝ አትችልም። በልቧ ጸሎት ስትጀምር ከንፈሯ ይከተላል፣ ከንፈሯን ደረቷ ይከተላል። ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄደን እንለማመድ ያሉት ዶክተሩ ናቸው። ውሃ ውስጥ የሚያወራ የለም ብለው። ዝናቡ ያባራ ቀን ሦስታችን ሄድን። ፈንታሁን መኪና ለምኖ ሰጠን፤ እሱ አልመጣም። «ፊቴን ታየችው ትንፋሿ ይዛባል» አለ። እውነቱን ነው።

ወንዛዬን በክረምት ያላየ አላየውም። ብርድ ነው፣ ምድሩ ጭቃ ነው፣ ውሃው ግን ከሥር እየፈላ ይወጣል። እንፋሎቱ ከዝናቡ ጭጋግ ጋር ተቀላቅሎ ሰው ከወገቡ በታች ይጠፋል። ከዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ሳቅ፣ ስለት፣ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል፣ ከማን እንደሆነ አይታወቅም። እኔና እትዬ ጥሩ ከሴቶቹ መታጠቢያ ገባን። ዶክተሩ ከድንጋዩ ግንብ ወዲያ፣ ከውጭ ተቀመጡ። የምንሰማው ድምፃቸውን ብቻ ነው።

«አባታችን ሆይን በልብዎ ይጀምሩ። እስኪያልቅ አይተንፍሱ። እኔም እዚህ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ አብሬዎ እላለሁ። አሁን!»

እትዬ ጥሩ አማትባ ጠለቀች። ወዲያው አረፋ እየተፋች ወጣች። «ስምህ ይቀደስ ላይ አመለጠኝ!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። ደግማ ጠለቀች። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው፣ ውሃው ከላይዋ ተዘጋና ጸጥ አለ። ጸጉሯ ብቻ ሲንሳፈፍ አያለሁ። እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ያዝኩ። ከግንቡ ወዲያ የዶክተሩ ሳል ተሰማ፣ ረጅም፣ የማያባራ። ከዚያ እሷ ቀስ ብላ ወጣች። ፊቷ ቀልቶ ያበራል።

«አሜን ደረስኩ!»

ከውጭ መልስ ዘገየ። «እኔ… የዕለት እንጀራችንን ላይ ቀረሁ» አሉ፣ በተቆራረጠ ድምፅ።

«አይዞዎት፣ ይደግሙታል!» አለቻቸው። እንደገና አብረው ጀመሩ። እሷ አሜን ደረሰች። እሳቸው እዚያው ቀሩ። ያን ቀን ስንቴ ቢሞክሩ ከየዕለት እንጀራችን አላለፉም። ስንመለስ መኪና ውስጥ ስታሾፍባቸው መጣች፤ «ለእንጀራ ሲደርሱ ነው እንዴ የሚርብዎት?» እያለች። እሳቸውም ደረታቸውን በእጃቸው ደግፈው ሳቁላት።

ባሕር ዳር ደግማ ተነሣች። ልጁ ከመስተዋቱ ኋላ ሆኖ አይተንፍሱ ሲላት ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯም አልተንቀሳቀሰም።

ምስሉን ይዘን ስንመለስ ዶክተሩ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ለክተው ሲያበቁም ውጤቱን አልነገሩንም። በማግስቱም እንደገና ሊለኩት ነበር፤ «ትናንት ያገኘሁትን ዓይኔ እንዲረሳው ልተወው» አሉ። እኔ ባለጉዳይዋ ብሆን በሩን ሰብሬ እገባ ነበር። እትዬ ጥሩ ግቢው ውስጥ ሰፌድ ይዛ፣ የተበጠረ ሩዝ መልሳ ስታበጥር ዋለች። ፈንታሁን ከአጥሩ ውጭ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ ኮፍያው ብቻ ከአጥሩ በላይ ይታያል።

በሩ ተከፈተ። ዶክተር ኅሩይ ደጃፉ ላይ ቆመው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑና አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን አነሡ። ከዚያ በመካከላቸው ብርሃን እስኪጠፋ ድረስ አቀራረቧቸው።

«ይህን ያህል ነው እትዬ ጥሩ። የደህና ሰው ግድግዳ ነው። እውነተኛው ከዚህም ትንሽ ይቀጥናል። ሳሉ ከብናኙ ነው፤ ከብናኙ ቢርቁ ይተውዎታል።»

ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ፣ ሩዙ ግቢውን ሞላው። መሬት ተቀምጣ አለቀሰች። ቆይታ ቀና አለችና «አንቱ ሰውዬ፣ ቆብ ሊያስጭኑኝ!» ብላ ሳቀች። ከአጥሩ ውጭ ኮፍያው ቆመ።

ፈንታሁን ያደረገውን ወረታ እስካሁን ያወራዋል። የመፈልፈያውን አንዱን ግድግዳ አፈረሰው፣ ብናኙ በንፋሱ እንዲወጣ። ሰው ሲጠይቀው «ዶክተር የሷን አቀጠኑ፣ እኔ የኔን አፈረስኩ» ይላል። ተጋቡ። ቀሚሱን መለስኩላት። ሠርጉ ላይ ዶክተሩ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው አንድም ጊዜ አልጨፈሩም፤ እጃቸውን ግን ያጨበጭቡ ነበር፣ ሲያስላቸው እያቆሙ፣ ሲተዋቸው እየቀጠሉ። ጥናቱ ሲያልቅ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ሸምበቆዎቹን ለእኔ ተዉልኝ። በበዓል በበዓል ይደውሉልን ነበር፤ ከዓመት ዓመት ድምፃቸው እያጠረ መጣ። እኛ የኔትወርኩ ነው እንል ነበር።

መርዶውን በማለዳ ከጎረቤት ጋር ሆኜ ነገርኳት። ደረቷን ይዛ ጮኸች። በኋላ፣ ሰው ሲበተን፣ ያ የወፈረው ምስል የራሳቸው እንደነበር ነገርኳት። «እንዲያ ሁነው ነው ተኔ ጋር ትንፋሽ ሲይዙ የዋሉት?» አለችኝ።

በአርባቸው ሬሳቸው በሌለበት አገር ፍትሐት አስደረገችላቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ጸሎቱን ያጉተመትማል። እሷ ከግድግዳው ጥግ ቆማለች። ከንፈሯ ግጥም ብሏል፣ ደረቷ አይንቀሳቀስም። ደንግጬ ልነካት ስል ትንፋሿን ለቀቀች።

ስንወጣ ምን ስትጸልይ እንደነበር ጠየቅኋት።

«አባታችን ሆይን ነዋ።»

«እንዲህ በቶሎ ጨረስሽው?»

«ተመጀመሪያው አይዶለም። ተየዕለት እንጀራችን ነው የጀመርኩት። እዚያ ድረስ እሳቸው ብለውት የለ፤ የቀረውን ጨረስኩላቸው።»